ያልተተኰሰው ጠመንጃና የወርቁ ችንካር

ጠመንጃ የሚሠራው ለመተኰስ ነው፤ ይህን ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻም። ነገር ግን በአሜሪካ አገር ልዩ ልዩ ጠመንጃ እያሰባሰቡ በሚያኖሩ ሰዎች ዘንድ ከጌጡም ከዕድሜውም ይልቅ የሚከበር አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ያልተተኰሰ» የሚለው ቃል ነው። ትርጓሜው ከፋብሪካው ከወጣበት ቀን ዠምሮ ጥይት ያልጐረሰ፥ የባሩድ ጢስ ያልነካው፥ ከነሣጥኑና ከነወረቀቱ የተቀመጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በእጁ የገባለት ሰው ሳይወድ በግድ በሁለት አሳብ መካከል ይቆማል፤ እንደ መሣሪያ ይጠቀምበት ወይስ እንደ ቅርስ ይጠብቀው? የሁለቱ አሳብ ሚዛንም ትክክል አይደለም። ዛሬ የጠበቀ ሰው ነገ ለመተኰስ ይችላል፤ ዛሬ የተኰሰ ሰው ግን ነገ ያልተተኰሰ ሊያደርገው ከቶ አይችልም።

በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ በሚኖር በአንድ የድሬዳዋ ተወላጅ ላይ ይህ ነገር የደረሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓመት ነው። (ከአንድ ስፍራ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) ሰውየው በስደት ወደዚያ አገር ከገባ በኋላ የባቡር ፉርጎ በሚጠገንበት ቤት ሲሠራ ኖሯል። አባቱም በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ የሐዲድና የዘይት ሽታ ለእርሱ የባዕድ አገር ሽታ አልነበረም። በዚያ ጥገና ቤት ሥራውን ያስተማሩት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው በዘጠና ዓመታቸው ሲያርፉ በኑዛዜያቸው ውስጥ የዚህ ኢትዮጵያዊ ስም ተጽፎ ተገኘ፤ የተናዘዙለትም አንድ ረዥም የካርቶን ሣጥን ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ በ1969 የተሠራ ባለ ወርቅ ቅብ አጭር የዊንቸስተር ጠመንጃ ተኝቷል፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተተኰሰም። «ተኵስበት» ወይም «ጠብቀው» የሚል ቃል ግን በኑዛዜው ላይ አልነበረም።

የዚህን ጠመንጃ ነገር ለመረዳት ስለ ምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባል። በሜይ 10 ቀን 1869 ከምሥራቅ የመጣው የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድና ከምዕራብ የመጣው የሴንትራል ፓሲፊክ ሐዲድ ከኦግደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ፕሮሞንተሪ በሚባለው ከፍታ ላይ ተገናኙ። የአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ በባቡር የተጋጠመው ያን ጊዜ ነው። ለዚያ ቀን ክብር አንድ ችንካር ከወርቅ ተሠርቶ ቀረበ፤ የሴንትራል ፓሲፊክ ማኅበር አለቃ ሊላንድ ስታንፎርድም ሊያኖሩት ቆሙ። ነገር ግን ወርቅ ለስላሳ ነው፥ የመዶሻ ምት አይችልም። ስለዚህ በተወለወለው የሎረል እንጨት ላይ ቀዳዳው አስቀድሞ ተበስቶ ነበርና ችንካሩ በቀዳዳው ውስጥ በቀስታ ገባ፤ ወዲያውም ከነእንጨቱ ተነሣ። በስፍራው ተራ እንጨት ገብቶ ተራ የብረት ችንካር ተመታበት፤ የቴሌግራፉም ሽቦ ሥራው መፈጸሙን ላገሩ ሁሉ ነገረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ የባቡሩን ክብደት የቻለው ብረቱ ነው።

የሁለቱም ፍጻሜ ልዩ ልዩ ሆነ። የወርቁ ችንካር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ገብቶ ተጠበቀ፤ የሎረሉ እንጨት ግን በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በምድር መናወጥና በእሳት ስትጠፋ አብሮ ተቃጠለ። በፕሮሞንተሪ የቀረውን ተራ እንጨት መታሰቢያ ፈላጊዎች በቢላዋ እየላጡ ተካፈሉት። መንገዱም ራሱ ብዙ አልቈየም፤ በ1904 በታላቁ የጨው ባሕር ላይ ያቋረጠ ሌላ ሐዲድ ስለ ተዘረጋ የፕሮሞንተሪው መሥመር እየተተወ ሄደ፥ በ1942ም ብረቱ ለጦርነት ስለ ተፈለገ ሐዲዱ ተነቀለ። እንግዲህ ሳይሠራ የቀረው አለ፤ ሠርቶ ያለቀው የለም።

መቶኛው ዓመት በ1969 በደረሰ ጊዜ የዊንቸስተር ፋብሪካ ለዚህ በዓል መታሰቢያ የሚሆን ጠመንጃ አወጣ፥ ስሙንም «የወርቅ ችንካር» አለው። የተሠራውም ወደ 70,000 የሚጠጋ ነው። ዐይነቱ ባለ ቀለበቱ የ1894 ዐይነት ነው፤ ከምላጩ በታች ያለው የብረት ቀለበት ወደ ፊት ተገፍቶ ሲመለስ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ሠላሳ ሠላሳ የሚባለውን ጥይት ያጐርሰዋል። ይህን ዐይነት የፈለሰፈው ጆን ብራውኒንግ ነው፥ እርሱም የኦግደን ልጅ ነው፤ በ1855 በዚያች ከተማ ተወልዶ በ1926 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ሞተ። (በሊዬዥ አጠገብ የነበረውና ብራውኒንግ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ አባቶቻችን «ቤልጅግ» እያሉ የሚጠሩትን ጠመንጃ ለኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ የሠራው ያው ፋብሪካ ነው።) የመታሰቢያው ጠመንጃ የአካሉ ብረትና የአፈሙዙ ማሰሪያዎች በወርቅ የተቀቡ፥ ጐኑ በቅርጽ ያጌጠ፥ በሰደፉም ላይ የመታሰቢያ ሜዳልያ የተለበጠበት ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ ከላይ ይታያል፥ ወርቁ ከውስጥ ይፈለጋል፤ በዚህ ጠመንጃ ግን ወርቁ ከላይ ነው፥ የሚሠራው ብረት ከሥር ነው። ገዢዎቹ የወደዱት ላዩን ስለ ሆነ ሥሩን ሳይፈትኑት በሣጥን አኖሩት።

ሽማግሌው ግን በ1969 የገዙት አንድ አልነበረም፤ አንድ ዐይነት የሆኑ ሁለት ጠመንጃዎች ገዝተው ነበር። አንዱን እንደ ተገዛ በሣጥኑ አስቀሩት። ሁለተኛውን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይዘውት ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ የዚያ ጠመንጃ ወርቅ እጅ በሚይዝበት ስፍራ ሁሉ ለቅቆ ግራጫ ብረት ታየ፤ ሰደፉም ከድንጋይና ከመኪና በር ጋር እየተጋጨ ተላላጠ፥ አንዱ ጐኑም በዝናም ብዛት ጠቈረ። እያንዳንዱ ጭረት የት እንደ ደረሰ ይናገሩ ነበር። ኢትዮጵያዊው አብሯቸው ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ ስንቅ ይሸከማል፥ እሳት ያነድዳል፥ የታደነውን ያወርዳል፤ ጠመንጃውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልያዘም። ሽማግሌውም ለምን ብለው አልጠየቁትም። ይህ የሽማግሌው ጨዋነት ከኑዛዜው ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነበረ ማለት ይቻላል።

የማይዝበት ምክንያት በዚያው ቍጥር ውስጥ ይገኛል። ለሰብሳቢዎች 1969 የወርቁ ችንካር መቶኛ ዓመት ነው። ለድሬዳዋ ልጅ ግን 1969 በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲነገር ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደርሶ ከተማይቱ በመድፍና በታንክ የተጨነቀችበት ጊዜ ነው። እርሱ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላም በከተማው ሌሊት ሌሊት ይሰማ የነበረው ተኵስ የጠላት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በልጅነቱ ያያቸው ጠመንጃዎች ሁሉ አንድ ነገር ያደረጉ ጠመንጃዎች ነበሩ። ስለዚህ የሽማግሌውን ሣጥን ከፍቶ የተኛውን ጠመንጃ ባየ ጊዜ «ያልተተኰሰ» የሚለውን ቃል ሰብሳቢዎቹ በሚሰሙት ጆሮ አልሰማውም። እነርሱ ዋጋ ይሰሙበታል፤ እርሱ ንጽሕና ሰማበት። በማንም ላይ ያልጮኸ ጠመንጃ በሕይወቱ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበረ።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቀር አሳቡ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለው፤ በዚያው አገር የተወለደ፥ ተራራውን የሚወድ፥ ከሽማግሌውም ጋር ከሕፃንነቱ ዠምሮ የወጣ ነው። የዩታ ሕግ ከ1965 በኋላ የተወለደ ሁሉ የአደን ትምህርት ሳይማር ፈቃድ እንዳያገኝ ስለሚያዝ ልጁ ትምህርቱን ተምሮ ጨርሷል። ሣጥኑ ወደ ቤት በገባ ጊዜ እንዲህ አለ፦

«አባዬ፥ ጋሼ ይህን የተዉት ለእኛ አይደለም ወይ? እንዲሁ ሊተኛ ነው?»

ለሽማግሌው «ጋሼ» ማለትን ያስተማረችው እናቱ ናት። አባትየውም ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣ፤ ልጁ ያለው እውነት ነውና። ለማንም የማይጮኽ ደወል፥ ማንም የማይቀድስበት ጽዋ እንዴት ያለ ስጦታ ነው? በሌላው ወገን ደግሞ ሽማግሌው በሃምሳ ሁለት ዓመት ውስጥ በየቀኑ ሊያደርጉት ሲችሉ ያላደረጉትን ነገር አንድ ልጅ በአንድ ጧት ሲያደርገው ማየት ቀላል አይደለም። አለመተኰስም ሥራ ነው፤ የሚታይ ፍሬ ስለሌለው ብቻ እንደ ሥራ አይቈጠርም።

አስቀድሞ ጠመንጃው ደኅና መሆኑን ለማወቅ ወደ አንድ የጠመንጃ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ መብራት አብርቶ መቀርቀሪያውን መረመረ። የተተኰሰ ጠመንጃ በመቀርቀሪያው ፊት ላይ የቀለህ ናስ ቢጫ ምልክት ይተውበታል፥ በጥይቱም መግቢያ ጥላሸት ይቀራል፤ በዚህኛው አንዱም አልነበረም። የረጋው የፋብሪካ ዘይት ግን እንደ ሰም ደርቆ ነበርና ሳይጸዳ ቢተኰስበት መልካም እንዳልሆነ ነገረው። ካርቶንም እርጥበት ይስባልና ጠመንጃን ለዘመን ብዛት በሣጥኑ ውስጥ መተው ጠበቅሁ እያሉ ማዛግ መሆኑን አከለበት፤ የእጅ ላብ ጨው እንኳ ወርቁ በሳሳበት ስፍራ ገብቶ ብረቱን ይበላል። ከዚህ በኋላ በአፈሙዙ ሥር ያለችውን ትንሽ ክብ ማኅተም በጣቱ አሳየው። ይህች ማኅተም የፈተና ማኅተም ናት። በዊንቸስተር ቤት ይሠራ የነበረ ጠመንጃ ሁሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከተለመደው ይልቅ ብርቱ የሆነ ጥይት ይተኰስበት ነበር፤ ያንን ችሎ ካልተሰነጠቀ ይታተምበት ነበር። እንግዲህ በዓለም ላይ ያልተተኰሰ የዊንቸስተር ጠመንጃ የለም። ሰብሳቢዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ «ያልተተኰሰ» ሲሉም ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ማለታቸው ነው።

ሰውየው ከዚያ ወጥቶ በመኪናው ውስጥ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። ንጹሕ ነው ብሎ የወደደው ጠመንጃ ከሁሉ የበረታውን ጩኸት ገና ሳይሸጥ ጮኾ ኖሯል።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ሆነ። የመታሰቢያ ጠመንጃ የገዙ ሰዎች ብዙዎቹ ከዘመን በኋላ ይወደዳል ብለው ነው የገዙት። ነገር ግን አንድ ዕቃ ብርቅ የሚሆነው ሌላው ሲያልቅ ነው። የ1894 ዐይነት ተራው ጠመንጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ይህም ሆኖ ከጥንቶቹ መካከል እንደ ተሠራ የቀረ ቢገኝ እጅግ ይፈለጋል፥ ባለቤቶቹ በኮርቻ ጐን አንጠልጥለው ስለ ጨረሱት ነው። መታሰቢያውን ግን ሁሉም ጠበቀው። ሁሉ የጠበቀው ነገር ሳይተኰስ መገኘቱ ምን ይደንቃል? እንዲያውም በአርባ ዓመት አደን የተላላጠ የወርቅ ችንካር ጠመንጃ ከሣጥኑ ካልወጣው ይልቅ በጣም ጥቂት ሳይሆን አይቀርም፤ ገበያው ግን እንዲህ ያለውን ብርቅነት አይከፍልበትም። ስለዚህ ሸጦ ገንዘብ ለመያዝ የሚለው ሦስተኛ አሳብ ብዙ ሳያስቸግረው ወደቀ።

በእስራኤል ልጆች ታሪክ ለነገ ተብሎ የተቀመጠው መና ተልቶ ሸተተ፤ በወርቁ መሶብ ለልጅ ልጅ ምስክር ይሆን ዘንድ የተቀመጠው ግን አልተላም። መናው አንድ ነው። ልዩነቱ አስቀማጩ ስለ ምን እንዳስቀመጠው ነው፤ ሽማግሌው ስለ ምን እንዳስቀመጡት ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ይህን ሊጠይቅ ወደ ሽማግሌው ልጅ ቤት ሄደ። የተላላጠው ጠመንጃ የደረሰው ለእርስዋ ነው፤ አዳኝ አይደለችም፥ ነገር ግን ከምድጃው በላይ ሰቅላዋለች። ሁለቱ ጠመንጃዎች ባንድነት ቢሆኑ ይሻላል ብሎ የርሱን ሊመልስላት አቀረበ። እርስዋም እንቢ አለች።

«አባቴ በየዓመቱ በሜይ 10 ቀን ከሣጥኑ አውጥቶ ዘይት ይቀባው ነበር» አለችው። «ሲያነጣጥርበት እንኳ አንድ ቀን አላየሁም። ልጅ ሳለሁ ለምን አትተኵስበትም ብዬ ጠየቅሁት። ያኛው ስላለ ብሎ መለሰልኝ።»

ያኛው ስላለ። ሰውየው ይህን ቃል ሲሰማ በ2019 የሆነውን ነገር አስታወሰ። የመቶ ሃምሳኛው ዓመት በዓል ሲከበር እጅግ ግዙፍ የሆነው ቢግ ቦይ የሚባለው ባለ እንፋሎት ባቡር ታድሶ ኦግደን ጣቢያ ደርሶ ነበር፤ ሕዝቡም ሊያየው ይጋፋ ነበር። ሽማግሌው በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ምርኵዝ ይዘው ከርሱ ጋር ቆመው ነበር። ተናጋሪው ስለ ወርቁ ችንካር ብዙ ሲናገር፥ ሐዲዱን በተራራው ላይ ስለ ዘረጉት ብዙ ሺሕ ቻይናውያን ግን ጥቂት ሲል ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፦ «ወርቁን ሁሉ ሰው ያየዋል፤ እኔና አንተ ግን የብረቱ ወገን ነን» አሉት። ያን ጊዜ ስለ ሐዲድ ብቻ የተናገሩ መስሎት ነበር።

የወርቁ ችንካር ሳይመታ ሊቀመጥ የቻለው የብረቱ ስለ ተመታ ነው። ሽማግሌውም ጠመንጃ ሳይተኵሱ የኖሩ ሰው አልነበሩም፤ አንዱን እስኪያልቅ ተጠቅመውበት በዚያ ምክንያት ሁለተኛውን ለመተው ነጻነት ያገኙ ሰው ናቸው። ለዋጋ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በጠበቁ ነበር፤ ስስት ሲሆን በአንድ አይበቃውምና።

ሴትየዋም ከምድጃው በላይ ያለውን አውርዳ ሰጠችው። «ልጅህ በዚህ ይተኵስ፤ እኔ ዘንድ ሲሰቀል ሥራ ፈትቷል» አለችው።

የልጁ የአደን ፈቃድ በዕጣ ደረሰውና በ2022 በኦክቶበር ወር አባትና ልጅ ሽማግሌው ይወጡበት ወደ ነበረው ተራራ ወጡ። ልጁ ሁለት ጊዜ ተኰሰ። አባቱ በመጀመሪያው ተኵስ ዐይኑን ጨፈነ፤ በሁለተኛው ግን አልጨፈነም። አጋዘኑንም እንደ ልማዱ ተሸክሞ አወረደው፤ ከዚያ በፊት ግን ልጁ እጁን አስለቅቆ ቢላዋ እስኪያወጣ ድረስ ጠመንጃውን ለጥቂት ደቂቃ ያዘለት።

ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፈው ሁለቱን ጠመንጃዎች ጐን ለጐን አጋደሙ። ልጁ የተተኰሰውን፥ አባቱ ያልተተኰሰውን ወለወሉ። ከልጁ ዘንግ የወጣው ጨርቅ እንደ ከሰል ጠቍሮ ነበር። ከአባቱ ዘንግ የወጣውም ነጭ አልነበረም፤ የሃምሳ ዓመቱ ዘይት ቢጫ አድርጎታል። አባትየው ሌላ ጨርቅ ቀደደ፥ ደግሞም ሌላ። እናትየው ቡናውን አቅርባ እስክትጠራቸው ድረስ ጨርቁ ገና አልነጣም ነበር።